ጅብ ሆና የምትጫወተው አስካለ

ዝናብ የነካው የበግ ቆዳ ሲሸተኝ ቁጣዬ ይመጣል። ለደብረ ብርሃን ሰው ይህ የቤት ሽታ ነው፤ ቆዳው ብርድ የሚመከትበት፣ አልጋ ላይ የሚነጠፍ፣ አጥር ላይ ተሰጥቶ የሚደርቅ ነው። ባለፈው ክረምት ከሥራ ስመለስ አንድ ጎረቤት አጎዛውን ከዝናብ ሳያስገባ ረስቶት ኖሮ፣ ሽታው መንገዱን ሞልቶ ጠበቀኝ። ቆም አልኩ። የቦርሳዬን ማንገቻ ጨምቄ መያዜ የታወቀኝ ቆይቶ ነው። እትዬ አስካለ ትዝ አለችኝ። እሷ ትዝ ስትለኝ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ትዝ ይለኛል፤ ንዴቴም ከዚያ ነው።

እትዬ አስካለ ልጅ ሳለሁ ከግቢያችን ጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይታ የምትኖር ተዋናይ ነበረች። በከተማው አዳራሽ እሑድ እሑድ ለልጆች ትያትር የሚያሳይ ቡድን ነበር። ጅብ ከተባለ ጅቡ እሷ ናት፤ ጭራቅ ከተባለ ጭራቁ እሷ፤ ዘንዶውም፣ ዝንጀሮውም እሷ። ፊቷን መድረክ ላይ ያየ ሰው አልነበረም። የክፍል ጓደኞቼ ጅቡ ወንድ ይመስላቸው ነበር። ጅቡ እኛ ግቢ እንደሚኖር፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ፀጉሩን እያበጠረ እንደሚያንጎራጉር ስነግራቸው ሳቁብኝ።

ልብሱን የምትሠራው ራሷ ነበረች። ያረጀ ብርድ ልብስ፣ የበግ ቆዳ፣ በከሰል የጠቆረ ቃጫ፣ ለዓይን የተሰበረ የእጅ ባትሪ መስታወት። አዳራሹ ውስጥ በመድረኩ በኩል አትገባም፤ ከኋላችን፣ ከበሩ በኩል ነበር የምትመጣው። መጀመሪያ ያ የእርጥብ ቆዳ ሽታ ይደርሰናል፣ ቀጥሎ ማጉረምረሙ፤ ያን ጊዜ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ ይንጫጫል። የሚያለቅስ ሕፃን ካየች ግን ጅቡ ድንገት ቁጭ ብሎ ጆሮውን በኋላ እግሩ ሊያክ ይሞክርና በጀርባው ይወድቃል። ያለቀሰው ሕፃን ከሁሉም በላይ ይስቃል። ቡድኑ ጫጫና ደብረ ሲና ድረስ በአይሱዙ ጀርባ ሲጓዝ፣ የጅቡን ራስ እንደ ልጅ ታቅፋው ትሄድ ነበር።

አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ልብስ እያጠቡ ስታወራ ሰማኋት። አዘጋጁን፣ መላኩን፣ እስቲ አንድ ጊዜ እናት ሆኜ ልጫወት ብላ ለምናው ነበር። አንቺ የሚያምርብሽ ጭራቅ ነው ብሎ ስቆ አሳለፋት። መላኩ ትልቅ ሰው ነው፤ ከተማው ጋሽ መላኩ ይለዋል። እኔ ግን ጋሽታውንም አንቱታውንም የነሳሁት አውቄ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በጭቃ ነው። ለአዲስ ትያትር ትልቅ የጭራቅ ራስ ያስፈልግ ነበርና እትዬ አስካለ ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጥታ ግቢያችን ውስጥ ቅርጹን ማበጀት ያዘች። በላዩ ላይ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ እያጣበቀች ልታለብሰው ነው። ጭቃው በእጇ ውስጥ እንደ ሊጥ ይታዘዝላት ነበር፤ አፍንጫው፣ ጉንጩ፣ የቅንድቡ እብጠት ሳታስበው የሚወጣ ይመስል ነበር። እማማ ትርንጎ፣ በአንኮበር በኩል ተወልደው ያደጉ ጎረቤታችን፣ ደፉ ላይ ተቀምጠው እጇን እጇን ያዩ ነበር።

ይሄ አዳራሽ ውስጥ የተማሩት እጅ አይደለም አሉ በመጨረሻ። "የማን ልጅ ነሽ አንቺ?"

እሷም አልደበቀችም። እዚያው አንኮበር በኩል የጎረቤላ ልጅ መሆኗን፣ እናቷ ጋንና እንስራ እየሠራች እንዳሳደገቻት ነገረቻቸው። ቀና ብላም አላየች፤ የጭራቁን ከንፈር እያስተካከለች ነበር።

በዚያ ቀን ሁሉ ነገር ተለወጠ። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል፣ ሰው በዓይኑ ይበላል የሚለውን ወሬ ማን ሳይሰማ አደገ? እናቴ እትዬ አስካለ ስትመጣ የምታቀርብላትን ኩባያ ለየች። ልጆች እሷ ስታልፍ ፊታቸው ላይ ነጠላ ይጣልባቸው ጀመር። እሑድ እሑድ አዳራሹ ሳሳ። ጅብ ራሱን ቢጫወት ምን ይደንቃል አሉ፤ ያ ሁሉ ችሎታ፣ ያ ሁሉ ላብ፣ በአንድ አፍ ጠፋ። መላኩም ጠላ ቤት ተቀምጦ ከየት እንደመጣች ድሮም ያውቅ እንደነበር፣ ሰው አድርጎ መድረክ ላይ ያላወጣትም ለዚሁ እንደሆነ ሲያወራ ተሰማ። ያንን ሳስብ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ። በጅብ ቆዳ ውስጥ የሸሸጋት እሱ ነበር፤ በኋላ ጅብ ናት ብሎ የመሰከረባትም እሱ ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ ታመምኩ። ትኩሳት ነበረኝ፤ ስተነፍስ ጎኔን ይወጋኛል። አባቴ ሾፌር ነውና አሰብ መንገድ ላይ ነበር። በትኩሳቱ መሃል እቃዣለሁ፤ ጅቡን ጥሩልኝ፣ እትዬ አስካለን ጥሩልኝ እላለሁ። የጠራኋት ስለምወዳት ነበር፤ ጅቡ መጥቶ ጆሮውን እያከከ እንዲያስቀኝ ፈልጌ። የሰፈሩ ሴቶች ግን ለፈለፈች፣ የበላትን ተናገረች አሉ። ጨርቅና ጤና አዳም አጭሰው አፍንጫዬ ሥር ያዙ። እኔ መተንፈስ አቅቶኛል፣ እነሱ ጭስ ይጨምሩልኛል።

ከሰዓት በኋላ ከልምምድ ላይ አምጥተው ደጃፉ ላይ አቆሟት። ክፍሉ በሴት ተሞልቷል። እጇን ግንባሬ ላይ ልታደርግ ስትል አንዷ መታ መለሰቻት።

"እንትፍ በይባትና ልቀቂያት" አሏት እማማ ትርንጎ።

 አሁን ሲገባኝ መውጫ አልነበራትም። እንትፍ ካለች ቡዳ መሆኗን በገዛ አፏ አመነች። እምቢ ካለችና እኔ ከሞትኩ ደግሞ ገዳይ ናት። ተራ በተራ ፊታቸውን አየች፣ ከዚያ እናቴ ላይ ቆመች።

"እንትፍ እላለሁ፤ ግን መጀመሪያ ማይልኝ" አለቻት። "እንትፍ እንዳልኩ ይህቺን ልጅ ተሸክመሽ ሆስፒታል ትሄጃለሽ። እኔ ለቅቄያታለሁ፣ የቀረውን ሐኪም ይጨርሰው።"

እናቴ በማርያም ማለች።

ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ጎንበስ አለች። ትከሻዋ ወረደ፣ አንገቷ ረዘመ፣ ከጉሮሮዋ ያ የማውቀው ማጉረምረም ወጣ። ሴቶቹ ወደ ግድግዳው ሸሹ። አዳራሽ ውስጥ ስንት ጊዜ ያየሁት ጅብ ነበር፤ ያለ ቆዳ፣ ያለ መስታወት ዓይን፣ በነጠላና በቀሚስ። ግንባሬ ላይ እንትፍ አለች። ከዚያ ቀና ብላ ነጠላዋን አስተካከለችና እናቴን "በይ ተነሺ" አለቻት።

የሳንባ ምች ነበር። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ሳይጨርሰው ተወው ትላለች እናቴ። በመርፌ ዳንኩ። ወደ ቤት ስንመለስ የጓሮው ክፍል በሩ ተበርግዷል፤ ውስጡ ባዶ ነው። እኛ ሆስፒታል ሳለን ዕቃዋን አውጥተው ጥለውታል። ልብሶቿን ከአዳራሹ ጀርባ ሰብስበው አቃጠሏቸው፤ ብርድ ልብሱን፣ ቆዳውን፣ ገና ያላለቀውን የጭራቅ ራስ። ያቃጠሉትም አብረዋት የተጫወቱት ናቸው። ሰፈሩ ደግሞ ማስረጃውን አገኘ፤ እንትፍ አለች፣ ልጅቷ ዳነች፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? መርፌውን የሚያነሳ የለም። የማለችው እናቴ እንኳ ያስማለቻትን አላነሳችም።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ ጎረቤላ ሄጄ ፈለግኳት። ገበያ ዳር እንስራዎቿን ደርድራ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ሳቀች፣ ከዚያ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየችኝ። ጭቃ በጣቶቿ ላይ ደርቆ ነበር። ለምን እንዳደረገችው ጠየቅኳት።

"እናትሽ እኔን አትሰማኝም፤ ጅቡን ግን ትሰማለች። ስለዚህ ጅቡን ላክሁላት" አለችኝ።

ቅር አላለሽም ወይ አልኳት። አንድ ጊዜ እንኳ እናት ሆና መድረክ ላይ ሳትወጣ መቅረቷ እንደሚቆጫት ነገረችኝ። ስለ ሰፈሩ አንድ ቃል አልተናገረችም። እሷ ባትቆጣ እኔ ተቆጣሁላት፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አልበረደልኝም።

ካረፈች በኋላ ነው የሰማሁት፤ ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። በዓመቱ ሴት ልጅ ወለድኩና አስካለ አልኳት። እናቴ አኮረፈች። ስንት ስም ሞልቶ አለች። ልጄን ትወዳታለች፣ ታዝላታለች፣ ታጫውታታለች፤ በስሟ ግን ጠርታት አታውቅም፤ ሚጡ ነው የምትላት። እንግዳ ሲመጣ የበላችኝን ቡዳ ታሪክ ዛሬም ታወራለች። እኔም በተነሳ ቁጥር እንግዳው ፊት እመልስላታለሁ፤ በዚህ ስንቴ ተኳርፈናል።

ባለፈው ሳምንት ልጄ በተከፈተው የግቢ በር ወጥታ ወደ አስፋልቱ ድክ ድክ ማለት ጀመረች። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ እናቴ ቀድማ አየቻት። ባጃጅ እየመጣ ነው። "ሚጡ!" አለች፤ ልጅቷ አልዞረችም። "ሚጡ!" አለች ደግማ። ቀጥሎ እናቴ ባለ በሌለ ድምፅዋ "አስካለ!" ብላ ጮኸች።

ልጄ ቆመች፣ ዞር ብላም አየቻት።

እናቴ ታቅፋት ገባች።  ልጅቷን ተቀበልኳትና በሩን ዘጋሁት።