ጠዋት አንዴ ከተቀቡት

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ አርባ ምንጭ ከረምኩ። የማጠናው የፀሐይ መከላከያ ክሬም ራሱ ፀሐይ ላይ ሲውል ምን ያህል እንደሚበላሽ ነበር። አማካሪዬ፣ «አዲስ አበባም ፀሐይ አለ ብለህ ነው? ቆላ ውረድ» ብለው ሰደዱኝ።

የተከራየሁት ጡረታ የወጡ ድሬሰር ግቢ ነው። የጎንደር ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት ግን በጋሞ ጤና ጣቢያዎች ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ጫኖ የሚባል መንደር የምታስተምር አንዲት ልጅ አለቻቸው። ከተወለደች ጀምሮ ቆዳዋም ፀጉሯም ነጭ ስለሆነ ፀሐይ ያቃጥላታል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ወጥታ፣ ከትምህርት በኋላ ክፍል ውስጥ ተደብቃ ቆይታ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ትመለሳለች።

ጠዋት ጠዋት ክሬም የቀባሁባቸውን ጠፍጣፋ ብርጭቆዎች ግቢው መሐል ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ወደ ቤተ ሙከራ እሄዳለሁ፤ ማታ ሰብስቤ እለካቸዋለሁ። ክሬሙ ምንም አልሆነም። በሳምንቱ ደረቴን ነፍቼ ለልጅቷ አንድ ቱቦ ሰጠኋት።

«ጠዋት አንዴ ከተቀባሽ እስከ ማታ ይበቃሻል» አልኳት። አሁን ሳስበው ጉራ ነበር።

አመነችኝ። በማግስቱ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎቿን ይዛ ሙዝ ማሳ ዳር ስታስተምር ዋለች። ስትመለስ ፊቷና አንገቷ ውኃ ቋጥሯል።

«ክሬምህ የተበላሸ ነው» አሉኝ አባቷ።

«ኧረ ጋሼ፣ ስንት ቀን ፀሐይ ላይ ውሎ ያልተበላሸ!»

«የምን ፀሐይ? አንተ ስትወጣ በጆንያ እሸፍነዋለሁ እንጂ። መድኃኒት ፀሐይ ላይ ይተዋል? ረስተኸው መስሎኝ፣ እንዳታፍር ብዬ ከመምጣትህ በፊት ጆንያውን አነሣለሁ።»

ዕድሜ ልካቸውን «ከፀሐይ ያርቁ» የሚል ጽሑፍ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አልፈረድኩባቸውም። በራሴ ግን አፈርኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሰው ፊት ላይ ነው፣ አይለቀምም።

ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ መዋል ጀመርኩ። ክሬሙ ቀትር ሳይደርስ ይዳከማል። ቁስሏ ሲደርቅ ሌላ ቱቦ ይዤ ሄድኩና በየሁለት ሰዓቱ መቀባት እንዳለባት ነገርኳት።

«ይኼንንስ ቆመህ አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

ቱቦውን ተቀብላ አመስግና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ብርጭቆዎቼን ልደረድር ስነሣ፣ እንደ ድሮዋ ገና ጎህ ሲቀድ ወጥታ ሄዳለች።