ለስልኬ ጉዳይ የመረጥኳቸው ሽማግሌዎች

የልጅ ልጆቼ እሁድ ምሳ ላይ ተሰብስበው፣ «እማማ፣ በስልኩ ጉዳይ ሽማግሌ የመረጡትን ይንገሩን» ብለው ያዙኝ። ለመሳቅ ነው፤ ይሳቁ። እኔም ከሰነበተ ወዲህ ስቄበታለሁ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ለንደን፣ ስቶክዌል፣ ልጄ ለልጆቿ አማርኛ ስታስተምር ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ነው። ስለዚህ ደሴ ከነበረችው ታላቅ እህቴ ጋር የምንላላከው በድምፅ ነበር። ድምፅ የሚያስቀምጥ አንድ አፕ ነበረ። እሷ የድሮ የሠርግ ዘፈን ትልክልኛለች፣ እኔ አውቶቡስ ላይ እሰማለሁ። አንዴ ከብሪክስተን ተሳፍሬ መውረጃዬን ረስቼ ከተማው ዳር ክሮይደን ደርሻለሁ። እህቴ ስታርፍ ያ ሁሉ ዘፈን እዚያው አፑ ውስጥ ቀረ፤ ሌላ ቦታ የለኝም።

አንድ ቀን አፑ አዲስ ውል አምጥቶ ካልተስማማሽ አልከፈትም አለ። ትልቋን የልጅ ልጄን አስነበብኳት።

«እማማ፣ ረጅም ነው፤ ማንም አያነበውም። ጀስት አግሪ ይበሉ።»

«አንብቢው፤ ፊርማ እኮ ነው።»

ጣቷን እያንሸራተተች፣ «እዚህ ጋ፣ ብንጣላ ፍርድ ቤት አንሄድም፣ መሐል የሚገባ ሰው ይዳኘናል፣ የሱ ቃል የመጨረሻ ነው ይላል» አለች።

ደስ አለኝ። ለካ ፈረንጅም ሽምግልና ያውቃል ብዬ እስማማለሁ የሚለውን ተጫንኩት።

ብዙም ሳይቆይ ስልክ ቀየርኩ። አፑ ውስጥ ልገባ ስል፣ አንቺ አንቺ አይደለሽም ብሎ ዘጋብኝ። ትልቋ ለአፑ ባለቤቶች ኢሜይል ብታደርግ ብታደርግ የሚመልስ ጠፋ። እኔ ግን ውሉ ትዝ አለኝ። በእኛ ወግ አንዱ የራሱን ሽማግሌ ይመርጣል፣ ሌላውም የራሱን፤ መሐል የሚቀመጠውን ሽማግሌዎቹ ተስማምተው ይሰይማሉ። እኔም የራሴን መረጥኩ። አንዱ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ስንት ባልና ሚስት አስታርቀዋል። ሁለተኛዋ ወሎዬዋ ጎረቤቴ ናት፤ እስላም ናት፣ አፏም ጥርሷም ያምራል፣ ነገርም ታውቃለች። ሴት ሽማግሌ አትሆንም የሚል ካለ መጥቶ ይንገራት።

«ጻፊ» አልኳት ትልቋን። «የኔ ሽማግሌዎች ተዘጋጅተዋል። የእናንተን ላኩ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት እኔ ቤት ቢሆን ይመቸናል።»

«እማማ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው አክባሪ ይልሻል። ጻፊ።»

የዚህኛው መልስ ቶሎ መጣ። ዳኛውን የሚሰይመው እነሱ የመረጡት ድርጅት ነው፤ የሚዳኘውም አሜሪካ ተቀምጦ ነው ይላል። ቅዳሜ እለት ትልቋ ለሽማግሌዎቼ አነበበችላቸው። ሾፌሩ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ስሚ እህቴ፣ የሁለቱንም ወገን ሽማግሌ አንዱ ብቻ ከመረጠው ይሄ ሽማግሌ አይደለም፤ የሙሽራው አጎት ነው» አሉ።

ጎረቤቴ ደግሞ፣ «ተነሺ እንሂዳ። አሜሪካን አይቼ አላውቅም» አለች።

ምሳችንን በላን፣ ተለያየን።

ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ ትልቋ፣ «እዚሁ ፍርድ ቤት ብንሞክርስ?» አለችኝ።

«አልሄድም ብዬ ፈርሜ? ምን ዓይነት ሰው ልባል ነው?»

ተውኩት። ዓመት ሳይሞላ፣ ሳይከፈት የቆየውን ሁሉ እናጠፋለን የሚል መልእክት ከአፑ መጣ፤ አጠፉትም። ከእህቴ ዘፈኖች አራቱን በቃሌ ይዣለሁ፣ አንዱን ደግሞ እስከ ግማሹ። የቀሩት አልመጡልኝም፤ ዜማው ብልጭ ይልና ሰሃን ሳጥብ ይጠፋኛል።

ይሄ ከሆነ ስንት ዓመቱ። ባለፈው ክረምት የመኝታ ቤቴ ግድግዳ እርጥበት ይዞ፣ አከራዩም አልጠግንም ቢለኝ፣ ነፃ የሕግ ምክር ከሚሰጡበት ሄጄ ነበር። ወረፋዬ ደርሶ ሴትዮዋ ወረቀት ስትፈልግ፣ ዝም ከምል ብዬ የሽማግሌዎቹን ነገር አጫወትኳት። መፈለጓን ተወችና አየችኝ። እዚህ አገር እንዲያ ያለ አንቀጽ፣ የጉዳዩ ገንዘብ ትንሽ ከሆነ፣ እንደኔ ያለ ተራ ደንበኛን አያስርም አለችኝ። ብፈርምም እንኳ፣ ያኔውኑ እዚሁ ለንደን ፍርድ ቤት መሄድ እችል ነበር።