የዶክተሩ ጆሮና ሦስተኛው ማርሽ

ጋራዡ ውስጥ «ዶክተሩ» የሚሉት የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ የመኪናን በሽታ ስለሚያውቅ ነው። በሠላሳ ዓመት ጆሮው አንድ ቀን አሳፍሮት አያውቅም። ስለዚህ ሁሉን ይንቃል። አውቶማቲክ መኪናን «የሰነፍ ሞግዚት» ይላታል። ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው ግን የገዛ ልጁ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትዞረውን የመመርመሪያ ኮምፒውተር ነው። ልጁ እዚያው ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት።

ሰኞ ጠዋት የአንዲት አዋላጅ ነርስ አውቶማቲክ መኪና መጣች። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሙጭጭ ብላ ወደ ላይም ወደ ታችም አልል ብላለች፤ ቆማ ስትነሳ ታቃስታለች።

ዶክተሩ አዳመጠ። «ፍሪሲዮኗ ተቃጥሏል። ካምቢዮው ይውረድ።»

«አባዬ፣ መጀመሪያ በኮምፒውተሬ ላንብባት» አለች ልጁ።

«መኪናዋ ጋዜጣ ናት እንዴ የምታነቢያት?»

የጋራዡ ባለቤት መሐል ገባ። «ጋሼ፣ እንዳሉት ይሁን። ከተሳሳቱ ግን ከዛሬ ጀምሮ አውቶማቲክ የምትባል ሁሉ የእሷ ናት።»

«ይሁን» አለ ዶክተሩ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው።

ሁለት ቀን ፈጀበት። ማርሹን የሚለውጠው ካምቢዮ ተፈታቶ ጠረጴዛ ላይ ተዘረገፈ። ፍሪሲዮኖቹን አንድ በአንድ ጠረገ፣ አሸተተ። አንድም የተቃጠለ የለም። ዘይቱ ራሱ አልጠቆረም፤ እንደ ሮማን ጭማቂ ቀይ ነው።

ልጁ የመመርመሪያ ኮምፒውተሯን ሰክታ አነበበችና ከመኪናዋ ሆድ ሥር፣ ጫፏን አረንጓዴ ዝገት የበላት ቀጭን ሽቦ ስባ አሳየችው።

«የመኪናዋ የራሷ ኮምፒውተር ፍጥነቷን የሚሰማው በዚህች ነው። ፍጥነቱንና ነጂው ነዳጅ የረገጠበትን ልክ አይቶ ትንንሽ ቫልቮችን በኤሌክትሪክ ይከፍታል። በእነሱ ያለፈው ዘይት ፍሪሲዮኑን ጨምቆ ማርሹን ይይዛል። ይህቺ ስትበጠስ ደነቆረ። ሲደነቁር ደግሞ አይገምትም አባዬ፤ ካምቢዮው እንዳይጎዳ ሦስተኛ ላይ ይዞ ይቆያል።»

ማን እንደገመተ አልተናገረችም። ባትናገርም ገባው።

ሽቦዋ በሃያ ደቂቃ ተጠገነች። ካምቢዮውን መልሶ መግጠም ግን እስከ ዓርብ ወሰደበት። ለሙከራ ሲወጡ ልጁ ነዳች፤ እሱ ማርሹ ሲለወጥ በጆሮው ሊይዘው ዓይኑን ጨፈነ።

«ሁለተኛ የምትገባው መቼ ነው?»

«አራተኛ ላይ ነን እኮ።»

ዓይኑን ገለጠ። ዛፎቹ በመስኮቱ ይሮጣሉ፤ ከመኪናዋ ሆድ የሚሰማ ነገር የለም። ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ሲያዳምጥ እንዲህ ያለ ዝምታ ገጥሞት አያውቅም።

«ይሄ ካምቢዮ ሌባ ነው» አለ ከንፈሩን ገልብጦ። «ሲገባ አይሰማ፣ ሲወጣ አይሰማ።»

ሲመለሱ በሩ ላይ ሌላ አውቶማቲክ ቆማለች። ሹፌሩ እንደ ልማዱ ቁልፉን ለዶክተሩ ዘረጋለት። ዶክተሩ እጁን ኪሱ ከተተና በአገጩ ወደ ልጁ አመለከተ።

«ለእሷ ስጣት። እኔ ከሌባ ጋር አልሠራም።»