«ሚዛኑ ተበላሽቷል ብለህ ፈርም»

ረፋድ ላይ የትምህርት ቤቱን የናስ የሚዛን ድንጋዮች በሳጥን ተሸክሜ አሰብ ውስጥ አንዲት የእናቶች ክሊኒክ ገባሁ... ላቤ ከአገጬ እየተንጠባጠበ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ እዚያ ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴ፣ የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። የተጠራሁት የሕፃናት መመዘኛውን እንድፈትሽ ነው። የሰፈራችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ተስፋሁን የላከልኝ ወረቀት ግን «እንድትፈትሽ» አይልም። «ብልሽቱን እንድታረጋግጥ» ነው የሚለው። መልሱ ቀድሞ የተጻፈ ጥያቄ ደግሞ ለተማሪም ሰጥቼ አላውቅም።

አዋላጇ ሲስተር ለተብርሃን ሳጥኑን አየችና፣ «ሕፃናቱን እኛ መዘንን፣ አሁን ተራው የሚዛኑ ሆነ?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰፈራችን በስተደቡብ አንድ የከባድ መኪና ጋራዥ ነበር። መኪኖቹ ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት ሞተራቸው ተነስቶ ናፍታ ሲያጨሱ ይቆያሉ። ከአጥሩ ጀርባ የተቃጠለ ዘይትና አሮጌ ጎማ ይነድዳል። ከደቡብ፣ ከራሔይታ በኩል የሚነሳው ነፋስ ያንን ሁሉ ጠራርጎ ቤታችን ያስገባዋል። ያሰጣነው አንሶላ ጥላሸት ለብሶ ነበር የሚገባው።

ለተብርሃን የሁለት ዓመት መዝገብ አላት። ከእኛ ሰፈር የሚወለዱት ሕፃናት ከጋራዡ ማዶ ከሚወለዱት በክብደት ያንሳሉ። ቀናቸው ሳይደርስ የሚወለዱትም በእኛ ሰፈር ይበዛሉ። ይህን ጽፋ ለኮሚቴው አቀረበች። ኮሚቴው ጋራዡን ሄዶ አላየም። ሚዛኑ ተበላሽቶ አዋላጇ ሳታውቅ ቀርታለች ተባለ። ይህ በባለሙያ ከተፈረመ መዝገቡ ይጣላል፣ እሷም ከማዋለጃ ክፍሉ ትነሳለች።

እኔም ዝም ብዬ የማምን ሰው አይደለሁምና መጀመሪያ እሷኑ አፋጠጥኳት።

«ምግቡስ? የእኛ ሰፈር እናቶች የሚበሉት አንሶ እንደሆነስ?»

«ከአንድ የቀበሌ ሱቅ ነው የምትሸምቱት፣ እናንተም እነሱም።»

«የመጀመሪያ ልጅ ያንሳል ሲባል ሰምቻለሁ።»

«እሱን ለይቼ ጽፌዋለሁ፣ ገጹን ግለጠው።» መዝገቡን ወደ እኔ ገፋችና፣ «ወንድሜ፣ ልጁ የሚካፈለው እናትየው የተነፈሰችውን ነው። ለብቻው መስኮት የለውም» አለች።

ድንጋዮቹን አስቀመጥኩ። አንድ ኪሎ... አንድ ኪሎ። ሁለት... ሁለት። ሦስት... ሦስት። አውርጄ ደገምኩ። ሠለስኩ። ደግሞስ የሁለቱም ሰፈር ልጆች የሚመዘኑት በዚያው ሚዛን አይደል? የተበላሸ ሚዛን የእኛን ልጆች ከማዶዎቹ ለይቶ እንዴት ያውቃቸዋል?

ጓድ ተስፋሁን ገባ።

«እሺ መምህር፣ ስንት ግራም ይሰርቃል?»

«ምንም አይሰርቅም።»

«ተወው ባክህ፣ የማይሰርቅ ሚዛን የት አለ?»

«እዚህ አለ። ሦስት ጊዜ ፈትሼዋለሁ።»

ለተብርሃንን ውጪ አላትና በሩን ዘጋው። ድምፁ ለሰሰ።

«ባለቤትህ ነፍሰ ጡር ናት አሉ።»

«ስድስተኛ ወሯ ነው።»

«ከጋራዡ ማዶ አንድ ቤት ተለቋል። አየሩ ንጹሕ ነው፣ ለእሷም ለልጁም ይስማማል። ሚዛኑ ተበላሽቷል ብለህ ፈርምና ቁልፉን ውሰድ።»

አልዋሽም፣ እጄ ወደ ብዕሩ ሄዷል። ባለቤቴ አልማዝ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን በእርጥብ ፎጣ ደፍና ስትስል ታየችኝ። ከዚያ ግን የተናገረው ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረ...

«ለልጁ ይስማማል ነው ያሉኝ?»

«አዎ፣ ለልጁ።»

«ጭሱ ልጅ የማይጎዳ ከሆነ እኔን ከጭሱ ለምን ያወጡኛል?»

ፊቱ ላይ ያየሁትን እስከዛሬ አልረሳውም። ሰውየው ጭሱ ልጅ እንደሚጎዳ የሚያውቅ መሆኑን ራሱ ያወቀው ያን ጊዜ ነው መሰለኝ።

«ክፉ አመል አለብህ» አለኝ በመጨረሻ።

«አለብኝ» አልኩና ወረቀቱን ሳብኩ።

«ሚዛኑ ትክክል መሆኑ በሦስት ሙከራ ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ አንድ መስመር ጨመርኩ። «ተበላሽቷል ብዬ ብፈርም የኮሚቴው ሰብሳቢ ከጋራዡ ማዶ ለነፍሰ ጡር ባለቤቴ ንጹሕ አየር ያለበት ቤት ሊሰጡኝ ቃል ገብተዋል፤ አልተቀበልኩም።» ፈረምኩ። ሁለተኛ ቅጂ ጽፌ ደግሞ ፈረምኩና በሩን ከፍቼ ለለተብርሃን ሰጠኋት።

ያንን ወረቀት ፋይል ውስጥ ቢያስገባው ራሱን ይከሳል፣ ቢቀደው ሌላው ቅጂ እሷ ጋ አለ። ስለዚህ ምንም አላደረገም። መዝገቡ ባለበት ቀረ፣ እሷም ባለችበት። ጋራዡም እንደዚያው...

ቤት ገብቼ ለአልማዝ ነገርኳት። ጀግና ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«እኔን ሳትጠይቅ?» አለችኝ።

ልጃችን ከቀኗ ሦስት ሳምንት ቀድማ መጣች። ለተብርሃን ሚዛኑ ላይ አስተኛቻት። ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ። ብዕሩን ይዛ ቆመች... ቁጥሩን የማስቀይራት መስሏት እንደሆነ እንጃ፣ እኔን ታየኛለች።

አልማዝ ከአልጋው ላይ ቀና ሳትል፣ «ጻፊው እንጂ፣ እሱን ምን ታዪዋለሽ?» አለቻት። «ለሌላዋ ልጅ የተጻፈው ለእኔ ልጅ ይቀራል?»

ተጻፈ።

ያን ቤት እምቢ በማለቴ አንድም ቀን አልተጸጸትኩም አልልም... ያቺን ቁጥር በማስጻፋችን ግን ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም።