ለሰው ሁሉ የሚነሱት አጎቴ

አጎቴ ሰው ሲገባ ቁጭ ብለው ጠብቀው አያውቁም። ሽማግሌም ይሁን ሕፃን፣ «ኖር!» ብለው ብድግ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ካሮልተን ከተማ፣ የኩላሊት እጥበታቸውን ዲያሊሲስ ጨርሰው፣ የደም ግፊታቸው ወርዶ እግራቸው እየተብረከረከ እንኳ፣ ነርስ ባለፈች ቁጥር ሊነሱ ይታገሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ነርሷ ፎርም ይዛ መጣች። ሲነሱ ያዞራቸው እንደሆነ፣ ሰሞኑን ወድቀው እንደሆነ ጠየቀች። ተረጎምኩላቸው።

«ደህና ነኝ በላት፣ ልጄ። ምን አስጨነቃት?»

ከሦስት ቀን በፊት ሻወር ቤት ወድቀው ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። ግን ታላቅን ሰው እፊቱ እንዴት አሳጣለሁ? «ኖ» አልኳት። ምልክት አድርጋ ሄደች።

በሳምንቱ ከዲያሊሲስ መልሼ ሶፋው ላይ አስቀመጥኳቸውና መኪናውን ፓርክ ላደርግ ወጣሁ። ተመልሼ በሩን ስከፍት «ኖር!» ብለው ተነሱ። ለእኔ! «በእግዜር፣ አይነሱ» ብዬ ሳልጨርስ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ከሆስፒታል አልተመለሱም።

እዚያ ሶፋ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ቤቱን ስዞር እውላለሁ። ማለቴ፣ ያን ቀን እውነቱን ብነግራት ኖሮ ተደግፈው የሚሄዱበት ዎከር ይሰጧቸው ነበር? አጠገባቸው ሰው እንዳይጠፋ ይነግሩኝ ነበር? እንጃ።

አሁንም ከሥራ ስመለስ፣ ቁልፉን ሳላስገባ፣ እደጅ ቆሜ «አይነሱ፣ እኔ ነኝ» እላለሁ።