ሻሺቱ ከክቡ ውጭ ያረፈችበት ቀን

ሻሺቱ ደግፌ ሲቀላ ገበያ ጫፍ ላይ፣ የስፌት መኪናና አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ በምትይዝ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታለች። የጨንቻ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ደግፌ ሸማኔ ናቸው፤ እሷም ከእናቷ ጋር ጥጥ ስትፈትል ነው ያደገችው። ክር በጣቶቿ መካከል ሲያልፍ ጠንካራውንና ደካማውን ሳታይ ትለያለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሻምበል ወልደ ሚካኤል የሚባሉ ጡረተኛ ትልቅ ከረጢት ተሸክመው ገቡ። ሻምበል የጎንደር ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው አየር ወለድ ነበሩ። ባለቤታቸው በዚያው ከተማ፣ ሴቻ ሰፈር አስተማሪ ስለነበሩ እሳቸውም ጡረታ ሲወጡ እዚያው ቤት ሠርተው ቀሩ። በየበጋው ከአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን እያስመጡ ሰው ከሰማይ እንዲዘል ያስተምራሉ። መጀመሪያ ከተማው ሳቀባቸው፤ በኋላ ለመዳቸው።

"ከረጢቱም ማንገቻውም ተቀዷል። ሁለቱንም ስፊልኝ" አሏት።

ሻሺቱ ማንገቻውን አገላብጣ አየችው፤ የተፈታውን ክር በጥፍሯ ሳብ አደረገችው።

"ከረጢቱን እሰፋለሁ። ይኼንን ግን አልነካም።"

"ለምን?"

"ክሩን አላውቀውም። ምን ያህል ክብደት እንደሚችል ሳላውቅ ሰፍቼ፣ ሰው ቢንጠለጠልበትስ?"

"ከአንቺ በፊት ሦስት ሰፊዎች ጋ ሄጄ ነበር" አሏት። "ሦስቱም ምንም ሳይጠይቁ እሺ ነው ያሉኝ። ቅዳሜ ሜዳው ላይ ነይ፤ ሥራ አለኝ።"

ሥራው ፓራሹት ማጠፍ ነበር። ሻሺቱ ያን በጋ ሙሉ በየቅዳሜው ሸራ ላይ ተንበርክካ ገመድ ለየች፣ ጨርቅ ደረደረች፣ አየሩን በጉልበቷ እየገፋች አወጣች። በእሷ እጅ የታጠፉት ሁሉ ያለ እንከን እየተከፈቱ ሰው በደህና መሬት ሲያደርሱ አየች። በመጨረሻም አንድ ቀን "እኔስ?" አለች።

"እስካሁን ምን ስትጠብቂ ነበር?" አሏት ሻምበል።

በሁለት በጋ ሃምሳ ጊዜ ዘለለች። የመጀመሪያውን ፈቃድ ወሰደች፤ ያ ብቻዋን እንድትዘል ብቻ የሚፈቅድ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ሌላ ነገር ነው። ያንን የያዘ ሰው ከሌሎች ጋር ይዘላል፤ ጀማሪም ሊከተለው ይችላል። ሻምበል ለዚህ ፈተና የሚያዘጋጁትን ሰው ሲያስተምሩ ድምፃቸው ይለወጣል።

"ጀማሪ አያስፈራኝም" ይላሉ። "ጀማሪ ራሱ ስለሚፈራ ይሰማል። የቆየውም አያስፈራኝም፣ ያውቃል። እንቅልፍ የሚነሳኝ መሀል ላይ ያለው ነው፤ ገና አላወቀም፣ ግን ያወቀ ይመስለዋል። ሰው የሚሞተው ፓራሹቱ ሳይከፈት ሲቀር ይመስላችኋል አይደል? እኔ ከቀበርኳቸው ብዙዎቹ ፓራሹታቸው አምሮ ተከፍቶላቸው ነበር። መሬት ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ያሰቡት ቦታ ካልደረስን ብለው አጥብቀው ሲዞሩ ነው የሞቱት።"

ሻሺቱ ይህን በደብተሯ ጻፈችው። መጠባበቂያው ፓራሹት በየስንት ጊዜው ተፈትቶ እንደሚታጠፍ፣ ሁለት ሰዎች በስንት ሴኮንድ ልዩነት እንደሚወጡ፣ በየትኛው ከፍታ ላይ ማመንታት እንደሚበቃ ሁሉ ከሥሩ ጻፈች። የጽሑፍ ፈተናውን አንድም ሳትስት አለፈች። የቀረው የፈተና ዝላይ ነበር።

ቀኑ የካቲት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ሆነ። ከኩልፎ ወንዝ ወዲህ ባለው የግጦሽ ሜዳ ላይ ተፈታኟ የምታርፍበት ትልቅ ነጭ ክብ በኖራ ተሠመረ። ከሴቻም ከሲቀላም ሕዝብ ወጣ። አቶ ደግፌም ጋቢያቸውን ደርበው ከጨንቻ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወረዱ። ሁለት ዓመት ሙሉ የልጃቸውን ነገር ሲሰሙ ፊታቸውን ነበር የሚያዞሩት። ያን ቀን ለምን እንደመጡ አልተናገሩም።

"ነፋሱ ደህና ነው?" ብቻ አሏት።

"ደህና ነው አባባ። ባይሆን አልወጣም።"

ከእሷ ጋር የወጣችው ብሩክታዊት ነበረች፤ በአንድ ክሊኒክ ነርስ ናት፣ ገና ሃያ ስምንት ዝላይ ብቻ ያላት። ከሻሺቱ ቀጥላ ወጥታ እንድትከተላት ታዝዛለች። ከመሳፈራቸው በፊት አንዷ የሌላዋን ማንገቻ፣ መቆለፊያና እጀታ በእጇ ዳሰሰች። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አውሮፕላኗ ተነሳች።

ከሦስት ሺ ሜትር ላይ አባያና ጫሞ ጎን ለጎን ተኝተው ይታያሉ፤ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ መሀላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት ጠባብ መሬት። ሻሺቱ በሩ ላይ ቆማ ቁልቁል አየች፣ ወጣች። ነፋሱ ጆሮዋ ላይ ጮኸ። በአንድ ሺ ሁለት መቶ ሜትር ላይ የመክፈቻውን እጀታ ሳበች።

ፓራሹቱ ተከፈተ፤ ግን ገመዶቹ ከአንገቷ በላይ እንደ ድርብ ክር ተጠማዘዙ። አንገቷን ቀና ማድረግ አልቻለችም። ጨርቁ ነፋሱ ወደሚነፍስበት ዞሮ ይዟት መክነፍ ጀመረ።

የከፍታ መለኪያዋን አየች። አንድ ሺ።

"ስድስት መቶ ላይ ካልተፈታ ይኼን ቆርጬ ወደ መጠባበቂያው" አለች ለራሷ፣ ጮክ ብላ። ገመዶቹን በሁለት እጇ ገፍታ ለያየቻቸው፣ እግሮቿን በኃይል እየወረወረች ተሽከረከረች። ዘጠኝ መቶ። አንድ ዙር ተፈታ። ስምንት መቶ ሃምሳ። ሌላ ዙር። ሰባት መቶ ሃምሳ ላይ ገመዱ በሙሉ ተተረተረና ጨርቁ ራሷ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ግራ ሳበች፣ ዞረ። ቀኝ ሳበች፣ ዞረ። ሁለቱንም ሳበች፣ ቀስ አለ። ይሠራል።

ከዚያ ነው የት እንዳለች ያየችው። ሜዳው ሩቅ ነው። ላይ ያለው ነፋስ መሬት ላይ ከተለካው ይበረታ ኖሯል፤ እሷን ኩልፎን አሻግሮ የሙዝ አትክልቱ ላይ አድርሷታል። ወደ ኋላ ዞራ ብታይ ብሩክታዊት በላይዋ አለች፤ ፓራሹቷ በደንብ ተከፍቶላታል፣ ግን እንደታዘዘችው ሻሺቱን ተከትላ መጥታለች።

ሻሺቱ ፊቷን ወደ ነጩ ክብ አዞረች። በመካከል ወንዙ አለ፣ ትላልቅ ዛፎች አሉ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። ሻምበል ያስተማሩትን አደረገች፦ ከሽቦው ምሰሶዎች አንዱን መርጣ አፍጥጣ አየችው። ምሰሶው ከዓይንሽ በታች እየወረደ ከሄደ ታልፊዋለሽ፤ ወደ ላይ እየወጣ ከሄደ አትደርሺም ብለዋታል። ምሰሶው ወደ ላይ እየወጣ ነበር።

"ልቤ ትንሽ ብቻ ሞክሪ አለኝ" ብላለች በኋላ። "አባቴ እዚያ ቆሟል። ከተማው ሁሉ ቆሟል። ሻምበል መዝገቡን ይዘዋል። ግን ብሩክታዊት ከኋላዬ ናት፤ እኔ ሽቦው ላይ ከሄድኩ እሷም ትመጣለች።"

አራት መቶ ሃምሳ ሜትር ላይ ክቡን ተወችው። እዚያው ከወንዙ ማዶ፣ በቆሎው የተነሣለት ባዶ ማሳ አየች፤ ዳር ላይ ሙዝ የሚጭን ጋሪ ቆሟል። ብሩክታዊት አይታ እንድትገነዘብ አንድ እጇን ዘርግታ ማሳውን አመለከተች፣ ቀስ ብላ ሰፊ ዙር ዞረች። ሦስት መቶ ላይ ማሳውን በጎን አለፈች። ሁለት መቶ ላይ አንድ ጊዜ ታጠፈች። መቶ ላይ ነፋሱን ፊት ለፊት ያዘች። ከላይ ሲታይ ማሳው ለስላሳ ነበር። ሠላሳ ሜትር ሲቀራት ግን አንድ የመስኖ ቦይ መንገዷን አቋርጦ ታያት።

እዚህ ላይ አጥብቆ መዞር ነው የሚገድለው። አልዞረችም። አንዱን ገመድ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ሳብ አድርጋ ትንሽ ሸሸት አለች፤ እግሮቿንና ጉልበቶቿን ገጠመች፤ በመጨረሻዋ ቅጽበት ሁለቱንም ገመዶች እስከ ታች ሳበች። የቦዩን ጠርዝ በተረከዟ ነካችው፣ ተንከባለለች፣ ጭቃ ላይ ተዘረረች። ወዲያው ተነሥታ፣ ነፋስ ሳይጎትተው ጨርቁን ሰበሰበችና ቀና አለች።

ብሩክታዊት የሷን መንገድ ተከትላ ወረደች። አንድ ጊዜ ታጠፈች፣ ነፋሱን ያዘች፣ ገመዷን ሳበች። ቆማ አረፈች! ደረቅ ማሳ ላይ፣ በሁለት እግሯ።

"ሻሺ!" ብላ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። "እጅሽን ባላይ ኖሮ ወደ ሜዳው ልሄድ ነበር!"

"መጀመሪያ ስልክ" አለች ሻሺቱ። ደወለች። "ሻምበል፣ ሁለታችንም ደህና ነን። ከወንዙ ማዶ ነን።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ ሻምበል። "እግዚአብሔር ይመስገን። ለአባትሽ ልንገራቸው።"

የጋሪው ባለቤት ዓለሙ የሙዝ ዘለላ እንዳቀፈ ቆሞ ቀርቷል።

"እናንተ ከየት መጣችሁ?"

"ከላይ" አለች ብሩክታዊት።

ዓለሙ ሰማዩን አየ፣ እነሱን አየ። ከዚያ ዘለላውን ጋሪው ላይ አስቀምጦ ለሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ አበጀላቸው።

በድልድዩ በኩል ዞረው ወደ ሜዳው ሲገቡ፣ ሁለቱ ሴቶች ፓራሹታቸውን ታቅፈው፣ ሻሺቱም ጭቃ እንደለበሰች፣ ሙዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሕዝቡ ከዛፎቹ ጀርባ ሲሰወሩ ካየ ጀምሮ፣ ሻምበል ደህና ናቸው ቢሉትም፣ በሥጋት ቆሞ ቆይቷል። ጋሪውን ሲያይ እልልታው ከዳር እስከ ዳር ተቀጣጠለ። አቶ ደግፌ ሕዝቡን እየገፉ መጡ። ልጃቸውን ትከሻዋን፣ ክንዷን፣ ጉልበቷን ዳሰሱ።

"ምንም አልሆንሽም?"

"ምንም አባባ።"

"እኔ ግን ሆኛለሁ" አሉና ጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሰው ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ሻምበል መዝገባቸውን ይዘው ቀረቡ። ሻሺቱ አንገቷን ደፋች።

"ክቡን ስቻለሁ ሻምበል። ለሚመጣው ዓመት እዘጋጃለሁ።"

"ክቡ ኖራ ነው" አሉ ሻምበል። "ኖራ በየሳምንቱ እንበትናለን። አሥር ጊዜ ክቡ ውስጥ አርፈሽ አይቼሻለሁ፤ እዚህ ተጽፏል። ያላየሁት፣ መድረስ ባትችይ ምን እንደምታደርጊ ነበር። ስንት ሜትር ላይ ተውሽው?"

"አራት መቶ ሃምሳ።"

"ለምን?"

"ምሰሶው ወደ ላይ እየወጣ ነበር። ደግሞ ከኋላዬ ሰው ነበር።"

ሻምበል መዝገቡን ጋሪው ላይ አስደግፈው፣ እዚያው ሙዙ መሀል ፈረሙ። ከዚያ ቀጥ ብለው ቆመው፣ በውትድርና ዘመናቸው ለአለቃ እንደሚሰጡት አድርገው ሰላምታ ሰጧት። ሻሺቱ አለቀሰች፤ መዝለል ከጀመረች ወዲህ ስታለቅስ ያን ቀን ብቻ ነው የታየችው።

አቶ ደግፌ ያን ቀን ወደ ጨንቻ አልተመለሱም። እሑድ ማለዳ፣ ነፋስ ገና ሳይነሣ፣ ሻሺቱ ሁለተኛ ደረጃ ፈቃዷን ይዛ፣ ብሩክታዊትንና ሌሎች ሁለት ጀማሪዎችን አስከትላ እንደገና ወጣች። አባቷ ሜዳው ዳር ቆመው ለከበቧቸው ሰዎች እንደ ቆየ አዋቂ ያስረዱ ነበር።

"አሁን አንድ ጊዜ ትታጠፋለች። አያችሁ? አሁን ነፋሱን ፊት ለፊት ትይዛለች። ከዚህ በኋላ መዞር የለም! ከዚህ በኋላ የዞረ ሞኝ ነው!"

ሻሺቱ ከክቡ መሀል ሦስት እርምጃ ርቃ በእግሯ አረፈች። ሦስቱም ተራ በተራ ተከትለዋት ወረዱ። ሻምበል ገና መዝገባቸውን ሲከፍቱ አቶ ደግፌ ጋቢያቸውን ጥለው ሜዳው መሀል ደርሰው ነበር።