የተመረቀው አንቲረስት

ወዳጆቼ ሆይ፣ ዛሬ ሽማግሌዎችን «እሺ» ብዬ እንደከዳሁ በአደባባይ አምናለሁ።

ነገሩ እዚህ ነገሌ ያለው የአያቴ አሮጌ ቤት በር ነው። ፀሐዩ የጥዱን እንጨት አመድ አስመስሎታል።

ሁለት ጊዜ ተቀባ፣ ሁለቴም ተላጠ። ሁለቴም ፍቆ የጨረሰው ይኸው የኔ ክንድ ነው። ደክሞኛል።

ቀለም ሻጩ ጥፋቱን ነገረኝ፦ እንጨት ከቀለሙ በፊት የራሱን ፕራይመር፣ ማለትም የሥር ቅብ፣ ይጠጣል እንጂ እንደኛ በር የብረት ዝገት መከላከያ አንቲረስት አይቀባም።

ይህን ለሽማግሌዎቹ አቀረብኩ። የአያቴ ጓደኛ ኦቦ ጉዮ «አንቲረስት የግቢዬን ብረት በር ስንት ዓመት ጠብቆታል! ለእንጨቱ ምን ያንሳል?» አሉ።

«ኦቦ ጉዮ፣ እንጨት እኮ አይዝግም» አልኳቸው።

አያቴ ጣልቃ ገቡ፦ «ባይዝግስ? መጠንቀቅ ምን ክፋት አለው?»

ከዚያ በሩ ዳግም አንቲረስት ይቀባ ብለው ተመራረቁ፣ ሰላም ይሁን ሲሉ «ናጋ፣ ናጋ» ተባለ፣ እኔም «እሺ» አልኩ፣ አለቀ። እኛ ጋ የተመረቀ ውሳኔ፣ ስህተትም ቢሆን፣ አይነሳም።

ለሦስተኛ ጊዜ መፋቅ ግን አልችልም። ሽማግሌዎቹ ለሶላት ሲወጡ የእንጨቱን ፕራይመር ገዝቼ በሩን ሙሉ ቀባሁት።

አንድ ነገር ብቻ ረሳሁ፦ አንቲረስቱ ቀይ ነው፣ የኔው ነጭ። ከመመለሳቸው በፊት ቀለም እንዳልደርብበት ደግሞ አልደረቀም። ካዩት አስፍቀው በአንቲረስት ያስቀቡኛል።

እናንተ ቤትስ ሽማግሌ መርቆበት እናንተ በድብቅ ያስተካከላችሁት ነገር አለ? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልቀጣ።

ቆይ፣ አያቴ ተመልሰው እርጥቡን በር በእጃቸው ገፉት፤ ነጭ የሆነ መዳፋቸውን አይተው ስሜን ጠሩ፦

«ሀሊማ!»